ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ አራት ጊዜ አገራቸው የገቡ ሰው

ከሶዶ ተመርቆ፣ አዲስ አበባ ወይም ሀዋሳ ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ ከዚያ ወደ ዲምቱ የተመለሰ ሰው ምን እንደሚገጥመው ከመካከላችን የደረሰበት ያውቀዋል። መጀመሪያ ደስታ ነው። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ልጁ ሁለት ሦስት ቀን እንግዳ ሆኖ ይከርማል። በሳምንቱ ጥያቄው ይጀምራል። ለምን መጣ? ምን ሆኖ ነው? ፈቃዱ የሚያልቀው መቼ ነው? ከደቡብ አፍሪካ ለተመለሰ ደግሞ አንድ ይጨመርበታል፤ ምን ይዞ መጣ ይባላል። ጥቂት ቆይቶ ሳይሳካለት ተመልሶ ከሄደ ደግሞ አለቀ፤ ያ ልጅ አገር አልሆነውም ተብሎ ይዘጋል።

ለዘንድሮው የዓመት መጽሐፋችን የታሪክ ገጽ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን የመረጥነው ይህን እያሰብን ነው። የወላይታ ሰው አይደሉም፣ ጎንደሬ ናቸው። አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በአንድ መስመር ነው፤ በዘመናዊ ሕክምና የተመረቀ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ተብሎ። መስመሩ ልክ ነው። ግን ዋናውን ነገር ይዘለዋል። እኚህ ሰው ወደ አገራቸው የተመለሱት አንድ ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ ነው፤ አንዱም መመለስ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፣ የመጀመሪያው ደግሞ በሰፈር ሚዛን ቢመዘን የከሸፈ ነው። (ግማሽ ኑሯቸው በውጭ አቆጣጠር የተመዘገበ ስለሆነ እ.ኤ.አ. ያልኩበት ቦታ ብዙ ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።)

ነገሩ የሚጀምረው መቅደላ ላይ ነው። ወርቅነህ የተወለደው ጎንደር ሲሆን ዘመኑ 1857 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ቤተሰቡ እዚያው አምባው ላይ ነበር። በዚያ ትርምስ ልጁ ከወላጆቹ ተለየ። ዕድሜው ቢበዛ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን አገኘውና ጦሩ ሲመለስ ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ።

ጦሩ ያን ጊዜ ጭኖ የሄደው ብዙ ነው፤ የብራና መጻሕፍት፣ ታቦታት፣ ዘውድ። ከሰውም የንጉሡን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን ወስዷል። ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። እንግሊዝ አገር አደገ፣ በ1879 እ.ኤ.አ. ገና በ18 ዓመቱ ሞተ፣ ዊንዘር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስልን የሚለው ጥያቄ ከኢትዮጵያ በኩል ተደጋግሞ ቀርቧል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. እንኳ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት መልስ እንቢታ ነበር። ከአንድ አምባ በአንድ ሰሞን የተወሰዱ ሁለት ልጆች ናቸው። ስለ ዓለማየሁ ብዙ ተለቅሷል፣ ብዙም ተጽፏል፤ ይገባዋልም። የተመለሰው ልጅ ታሪክ ግን ያን ያህል አይወራም። ሐዘን ከሥራ ይልቅ ለወሬ ይመቻል መሰለኝ።

ቻምበርሌን ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የልጁን የትምህርት ወጪ ተሸከመ። ስሙም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ፑንጃብ ውስጥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ በምትገኘው ላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በ1882 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። በሕንድ መንግሥት የሐኪምነት ሥራ ያዘ፣ ቆይቶ ስኮትላንድ ድረስ ሄዶ ተጨማሪ የሕክምና ማዕረግ አገኘ፣ ከዚያ በርማ ውስጥ በመንግሥት ሐኪምነት ተመደበ። ደሞዝ አለው፣ ማዕረግ አለው፣ ሲያረጅ የሚጠብቀው ጡረታ አለው። የሚናገረው እንግሊዝኛና የሕንድ ቋንቋ ነው። አማርኛው ከአፉ ጠፍቷል። ስለ አገሩ የሚያውቀው ሌሎች ከነገሩት አያልፍም፤ ሐበሻ መሆኑን፣ መቅደላ ላይ መገኘቱን።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ምን ብሎ ይመለሳል? ወላጆቹ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አያውቅም። የሚጠብቀው መሬት የለም፣ የሚጠራው ሰው የለም።

የቀሰቀሰው ዓድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው ነገር በየአገሩ ጋዜጣ ሲወጣ ቻርልስ ማርቲን በርማ ሆኖ ሰማ። ፈቃድ ጠየቀና በገዛ ገንዘቡ ተነሣ፤ የቆሰሉትን ላክም ብሎ ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ዘይላ ደረሰ። ከዘይላ ግን አላለፈም፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ይህን ጉዞ ከአራቱ ጋር አልቆጥረውም፤ ደጅ ድረስ መጥቶ ሳያንኳኳ እንደ መመለስ ስለሆነ። ሆኖም ሰውየው እንዳልተወው ልብ ይሏል። ሦስት ዓመት ጠብቆ እንደገና ተነሣ።

በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። (ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ፤ አገራቸው ገብተዋልና።)

አዲስ አበባ ራሷ ያን ጊዜ የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ ናት። ከተማ ከማለት ሰፈር ማለት ይቀላል፤ ግቢው እላይ፣ መኳንንቱ በየኮረብታው፣ በመካከል ድንኳንና ጎጆ። ምኒልክ ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ ሲባሉ በደስታ ተቀበሏቸው። ንጉሡ ራሳቸው በወጣትነታቸው የመቅደላ እስረኛ ነበሩ፤ ከዚያ አምልጠው ነው ሸዋ የገቡት። ስለዚህ ነገሩ ለሳቸው ተራ ወሬ አልነበረም። ችግሩ መነጋገሪያው ነው። አገሩ የገባው ሰው ከንጉሡ ጋር የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ነበር።

ወሬው ከግቢ ወጥቶ በየአገሩ ተዛመተ። መቅደላ ላይ ልጅ የጠፋበት ቤተሰብ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልቀበሩትን ልጅ ሲጠብቁ የኖሩ ነበሩ። ከነዚህ አንዷ የወርቅነህ አያት ናቸው። አሮጊቷ መጡ፣ ሰውየውን አዩ። ፊቱን አይተው መለየት አይችሉም፤ ያጡት የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ፊታቸው የቆመው ኮት የለበሰ የሠላሳ ምናምን ዓመት ሐኪም። የሚጠይቁትን አይሰማቸውም፣ የሚመልሰውን አይሰሙትም። የለዩት በገላው ላይ ባለ ጠባሳ ነው። ልጁ ሕፃን ሳለ የደረሰበትን ጉዳት፣ ጠባሳው የት እንደሆነ ያስታውሱ ነበር። ታየ፣ እዚያው ነው። ቻርልስ ማርቲን ስሙ ወርቅነህ መሆኑን፣ የአባቱ ስም እሸቴ መሆኑን ያን ቀን አወቀ። ሐኪም ነውና ስለ ጠባሳ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስለ ራሱ ጠባሳ የነገሩት ግን አያቱ ናቸው።

እዚህ ላይ ወላይታ ሆኖ ታሪኩን የሚያነብ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ወርቅነህ አዲስ አበባ ከመግባታቸው አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1887 ዓ.ም.፣ የምኒልክ ጦር ወላይታ ላይ ዘምቷል። ካዎ ጦና ቆስለው ተማርከዋል፣ ወደ አዲስ አበባም ተወስደዋል። ከእርሳቸው ጋር በሺህ የሚቆጠር ሰው፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር፣ ተነድቷል። የወርቅነህ አያት የልጅ ልጃቸውን ጠባሳ ሲዳስሱ፣ በዚያችው ከተማ ጓዳ ውስጥ እንጨት የሚፈልጡ፣ ውኃ የሚቀዱ የወላይታ ልጆች ነበሩ፤ ስማቸው ተለውጦ፣ ቋንቋቸው ከአፋቸው እየጠፋ። የጠፋ ልጅ ተገኘ ብሎ የተደሰተው ግቢና ልጆቹን ያስነዳው ግቢ አንድ ነው። ይህን የምጽፈው የሐኪሙን ደስታ ለማሳነስ አይደለም። እርሳቸው ራሳቸው የጦርነት ምርኮ ነበሩ፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከብዙ ባለሥልጣን ይልቅ ይገባቸዋል። ኋላ እንደምናየውም ገብቷቸዋል።

ወደ ሥራው እንመለስ። ሐኪም ወርቅነህ ድንኳን ተክለው ማከም ጀመሩ። የምኒልክ ሆስፒታል ያን ጊዜ ገና አልተሠራም። ከዓድዋ በኋላ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ሥራ ጀምረው ነበር፤ ከነሱ ሌላ ያለው ወጌሻ፣ መድኃኒት ዐዋቂና ጠበል ነው። በሽተኛው ጎረፈ። መድኃኒቱም፣ ኑሮውም ከኪስ ነው። አማርኛ እየተማሩ፣ እያከሙ፣ ዘመድ ነኝ የሚለውን ሁሉ እያስተናገዱ ቆዩ።

ከዚያ ሄዱ። በ1901 እ.ኤ.አ. ወደ በርማ ተመለሱ።

የሕይወት ታሪካቸውን የሚያወሩ ሰዎች ይህችን ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፏታል። እኔ ትንሽ ልቆይባት። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ቆይተው አገራቸውን አገኙ፣ ስማቸውን አገኙ፣ አያታቸውን አገኙ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ትተው ሄዱ። ለምን ቢባል መልሱ ቀላል ነው። ደሞዛቸው በርማ ነው ያለው። በፈቃድ የመጣ ሰው ፈቃዱ ያልቃል። በአገሩ በቋሚነት የሚያሠራቸው መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ የጤና ሚኒስቴር የለ፣ የሐኪም ደሞዝ የሚባል ነገር የለ፣ በንጉሥ ደግነት መኖር ነው ያለው። በንጉሥ ደግነት መኖር ደግሞ ንጉሡ ሲታመሙ ምን እንደሚሆን አልጠፋቸውም። ዲምቱ ቢሆኑ ኖሮ አገር አልሆነውም ይባሉ ነበር።

ሁለተኛው መመለስ በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። የተመለሱት እንደ ሎሌ ይሁን እንደ እንግዳ ለመናገር ያስቸግራል፤ የአዲስ አበባው የእንግሊዝ ለጋሲዮን ሐኪም ሆነው ነው። በዚህ ጊዜ ደሞዙን እንግሊዝ ይከፍላል። ምኒልክ ሕመማቸው የጠናበት ሰሞን ስለሆነ ሐኪሙ ለግቢውም ያስፈልጋሉ። ቦታው አመቺም አስቸጋሪም ነው። ግቢው ውስጥ የእንግሊዝ ሰው ናቸው ተብሎ ይጠረጠራሉ፤ ለጋሲዮኑ ደግሞ ከተቀጣሪነት በላይ ሐበሻነታቸው እየበለጠ እንዳይሆን ይፈራል። ከውጭ ተምሮ የመጣ ሰው በሁለት ወገን መጠርጠር የዛሬ ነገር አይደለም ማለት ነው። ንጉሥ በታመመበት አገር፣ ሁሉም ተተኪውን እያሰላ ባለበት ጊዜ፣ የሐኪም አፍ ዋጋ አለው። ለመናገርም ለዝምታም የሚፈልገው ብዙ ነው።

በዚህ ቆይታቸው ነው ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን ያገቡት። ከዚህ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። መጀመሪያ ሲመጡ አያታቸው ያወቋቸው በጠባሳ ነበር፤ አሁን ሚስት፣ አማች፣ ልጆች፣ የሚያስታርቁት ጠብ፣ የሚቀመጡበት ለቅሶ አለ። ብዙ ልጆች ወልደዋል። አማርኛቸውም በዚያ ቤት ውስጥ ነው የጎለበተው ብዬ አምናለሁ፤ ቋንቋ በግቢ ደጅ ጥናት አይለመድም።

ያም ሆኖ እንደገና ሄዱ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሞቱ፤ ሐኪሙ ያን ሰሞን ወደ በርማ ተመልሰው የአገልግሎት ዘመናቸውን ለመጨረስ ሥራ ገብተዋል። ጡረታውን ለመያዝ ነው። ይህን ሲሰማ ፊቱን የሚያጨማድድ አንባቢ ይኖራል፤ ለአገር ፍቅር የማይመጥን ምክንያት ይመስለዋል። ለእኔ ግን ከታሪኩ ሁሉ ብልህ እርምጃ እሷ ናት። ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ላይ መኖር ምን እንደሆነ አይተዋል፤ መጀመሪያ በምኒልክ፣ ከዚያ በለጋሲዮኑ። በሦስተኛው ሲመጡ የሚበሉት የራሳቸው ሆኖ መምጣት ፈለጉ።

በ1919 እ.ኤ.አ. ጡረታቸውን ይዘው ገቡ። ዕድሜያቸው 54 ወይም 55 ነው። ሌላው ሰው የሚያርፍበት ዕድሜ ላይ ዋናው ሥራቸው ገና ተጀመረ። እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ መንደርደሪያ ነበር ማለት ይቻላል።

ጊዜው የአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ነው። የተማረ ሰው ይፈለጋል፤ የተማረ ሰው ደግሞ በጣት ይቆጠራል። ስለዚህ ሐኪሙ ሁሉን ነገር ሆኑ። የውጭ ዜጋና ኢትዮጵያዊ የሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤት ሲቋቋም ዳኛ ሆኑ፤ እንግሊዝኛውም፣ የውጭ ሰው አመልም ይታወቃቸዋላ። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ እርሳቸው ነበሩ። ሕክምናውን አልተዉም፤ ግን አንድ ሐኪም አንድ በሽተኛ ያድናል፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ሐኪሞችን ያፈራል የሚል ስሌት የያዙ ይመስላሉ። በ1920 ዓ.ም. የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተሙ። ሃያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ንጉሡን በአስተርጓሚ ያነጋገሩ ሰው ናቸው እኮ! ከመምህራኖቻችን መካከል የመማሪያ መጽሐፍ የጻፈ ይህ ምን ያህል ልፋት እንደሆነ ይገባዋል፤ ቃሉ ራሱ ገና ባልተፈጠረበት ቋንቋ አህጉሩንና የአየር ጠባዩን ማስረዳት።

ወጣት ሰዎችንም ሰብስበው ፍቅርና አገልግሎት የተባለ ማኅበር አቋቁመዋል። ስሙ ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ኅብረት ይመስላል፤ በዚያ ዘመን ግን ሰዎች ለዘመዳቸው ወይም ለጌታቸው ሳይሆን ለማያውቁት ሰው ጥቅም መዋጮ እንዲያዋጡ መጠየቅ አዲስ ነገር ነበር።

ከዚህ ሁሉ እኛን የሚነካው አንድ ሥራቸው አለ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታለች፤ በዚያው ዓመት ባሪያዎች ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። አዋጁ አንድ ነገር ሳይመልስ ትቷል። ነፃ የወጣው ልጅ ወዴት ይሂድ? ከወላይታ፣ ከከፋ፣ ከጊሚራ የተወሰደ፣ አገሩን የማያስታውስ፣ ቋንቋውን የረሳ፣ ዘመዱን ቢያገኝ እንኳ የማይለይ ልጅ ነው። ሐኪም ወርቅነህ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቋቋም የደከሙት ለዚህ ነው። በርግጥ ከተነዳው ሰው ብዛት አንጻር ትምህርት ቤቱ የሸፈነው ጥቂቱን ነው። ደግሞም ልጆቹን ወደ ቤታቸው አልመለሰም፤ ፊደልና ሙያ ነው የሰጠው። ቢሆንም ነገሩን የያዙት ሰው ማን እንደሆኑ አንርሳ። በሌላ ሰው ስም የተጠሩ፣ በሌላ ሰው ቋንቋ ያደጉ፣ የሚያውቃቸው ዘመድ በዕድል የተገኘ ምርኮኛ ናቸው። የነዚያ ልጆች ጠባሳ የት እንዳለ የምታውቅ አያት አልመጣችም።

በ1927 እ.ኤ.አ. ተፈሪ መኮንን ወደ አሜሪካ ላኳቸው። ጉዳዩ የጣና ሐይቅ ግድብ ነው፤ ጄ ጂ ዋይት ከተባለው የአሜሪካ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ለመነጋገር። እንግሊዝ ያን ግድብ ለራሷ ትፈልገው ስለነበር ዜናው ለንደን ላይ ቁጣ አስነሣ። ጡረታ የሚከፍላቸው መንግሥት የማይወደውን ሥራ ይዘው ውቅያኖስ ተሻገሩ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ የማን ሰው እንደሆኑ የሚጠይቅ ቀርቷል። ኒው ዮርክ በሃርለም ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው፣ ሙያ ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል። ተመላሹ ሌላውን ተመለሱ ማለት ጀመረ። ግድቡ አልተሠራም።

ከንግሥናው በኋላ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ አዛዥ ወርቅነህ ተባሉ። መቀመጫቸው አሰበ ተፈሪ ነው። ጨርጨር ለሌላው ግዛት ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ በሕዝቡ ላይ የተደራረበውን ግብርና ጉልበት ማቅለል፣ መንገድ ማውጣት፣ አስተዳደሩን በሥርዓት መያዝ። በስልሳ አምስት ዓመት ዕድሜ አካባቢ የክፍለ ሀገር ገዥነት መጀመር ቀላል አይደለም። ግን ተመልከቱ፣ ይህ ሰው ምን ጊዜም ጀማሪ ነው። በሰባ ዓመታቸው ደግሞ ዲፕሎማት ሆኑ፤ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር።

ለንደን የደረሱት ጣሊያን ጦሩን ምጽዋና ሞቃዲሾ በሚያራግፍበት ሰሞን ነው። እንግሊዝኛቸው ያን ጊዜ ለአገር ሠራ። ለጋዜጣ ጻፉ፣ በየአዳራሹ ተናገሩ፣ ለቁስለኛ ገንዘብ ሰበሰቡ፣ መሣሪያ እንዳይሸጥልን የተደረገውን እገዳ ተቃወሙ። ንጉሡ በ1928 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በስደት ለንደን ሲገቡ ሚኒስትሩ እርሳቸው ነበሩ። ከመቅደላ የወሰዳቸው መንግሥት ዋና ከተማ ላይ፣ በዚያው መንግሥት ቋንቋ፣ አገራቸውን ወክለው ቆሙ። አልሰማቸውም።

ከዚህ በታች ያለውን ለመጻፍ ከብዶኛል። ብንያምና ዮሴፍ የተባሉት ልጆቻቸው እንግሊዝ አገር የተማሩ ናቸው። ጦርነቱ ሲመጣ አገራቸው ነበሩ። እንደ አባታቸው የተማሩትን ይዘው የገቡ ልጆች ናቸው፤ ከአባታቸው የሚለዩት ቋንቋውንም ዘመዱንም ሳያጡ በመግባታቸው ነው። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር በምዕራብ በኩል ሆነው ተዋጉ፣ ከራስ እምሩ ጋር ነበሩ፣ በመጨረሻ እጃቸውን ሰጡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያኖች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ገደሉት። ሁለቱም ወንድማማቾች ተረሸኑ። አባታቸው ለንደን ነበሩ። በዚያ ሰሞን የጠፋው ትውልድ የተፈሪ መኮንንና የምኒልክ ትምህርት ቤት ፍሬ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ በአንድ ሳምንት ልጆቻቸውንም የተማሪዎቻቸውን ዘመንም አጡ። ልጅን ወደ አገሩ መልሶ ማምጣት ሁል ጊዜ በጎ ነው ብሎ ለመናገር የሚቸኩል ሰው ይህን ገጽ አንብቦ ይናገር።

አራተኛው መመለስ በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ጣሊያን ወጥቷል፣ ንጉሡ ተመልሰዋል። ሐኪሙ ሰባ ሰባት ወይም ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሊያርፉ የሚችሉበት ብዙ ቦታ ነበር፤ ሕንድም ያውቃቸዋል፣ እንግሊዝም የለመዱት ነው። አዲስ አበባን መረጡ። የሚያስተምሩት ትምህርት ቤት፣ የሚዳኙበት ወንበር አልጠበቃቸውም፤ በዚያ ዕድሜ አይጠበቅምም። የጠበቃቸው ቤት፣ የቀሩት ልጆችና የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው የተገደሉባት ከተማ ናት። አሥር ዓመት ኖሩባት። ከአራቱ መመለስ ሁሉ ምንም ያልሠሩበት ይህ ነው፤ ምንም ሳይሠሩ በአገር መኖርም አንድ ነገር ነው እንግዲህ፣ ያለ ሥራ ምን ይሠራል የሚለውን የሰፈር ሰው ሰምቶ እንዳልሰማ አልፎ።

በ1945 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ሰማንያ ሰባት ወይም ሰማንያ ስምንት ዓመት ኖረዋል። አያታቸው ካገኟቸው ቀን ጀምሮ ሁለት ስም ይዘው ነው የኖሩት፤ ለውጭ ደብዳቤ ዶክተር ማርቲን፣ ለአገር ሰው ሐኪም ወርቅነህ። ለብዙ ዓመታት የጻፉት የግል ማስታወሻ ደብተር ለታሪክ ጸሐፊዎች ትልቅ ምንጭ ሆኗል። አማርኛን በሠላሳ ምናምን ዓመታቸው ተምረው መጽሐፍ ጽፈውበታል። ማስታወሻውን የጻፉት ግን በእንግሊዝኛ ነው።